ጦርነት የበተናቸው ቤተሰቦችና ወራሾቻቸው፦ የአፈላላጊ ተቋማት አነሳስና እድገት

ጦርነት ቤተሰብን ሲበትን የሚያደርሰው ጉዳት ከሐዘንና ከናፍቆት አልፎ የሕግ ጉዳትም ይሆናል። መሞቱ ያልተረጋገጠ ሰው በሕግ ፊት ከሕያዋን የሚቆጠር በመሆኑ ንብረቱ ለልጆቹ ሳይተላለፍ፣ የትዳር ጓደኛውም ባለትዳር ትሁን ባሏ የሞተባት ሳይለይላት፣ መሬቱና ቤቱ በሌሎች እጅ ወድቆ ዓመታት ያልፋሉ። ሟቹ ታውቆ ወራሾቹ በየአገሩ ተሰደው አድራሻቸው የጠፋ እንደሆነም ውርሱ ጠያቂ አጥቶ ይቀራል። ካለፉት 150 ዓመታት ወዲህ የተፈጠሩት አፈላላጊ ተቋማት የተነሡት ከእነዚህ ሁለት ክፍተቶች ነው። አፈላላጊ ተቋም ማለት በጦርነት፣ በምርኮ ወይም በስደት የተለያዩ ሰዎችን ስም የሚመዘግብ፣ ከቤተሰብ የሚቀርብለትን ጥያቄ ከሌላ ወገን ከደረሰው መረጃ ጋር የሚያመሳክርና የደረሰበትን ውጤት በጽሑፍ የሚያረጋግጥ ድርጅት ነው። የእነዚህ ተቋማት ታሪክ ሲመረመር፣ ወሬ አድርሶ ቤተሰብን ለማጽናናት የተጀመረው ሥራ ቀስ በቀስ ፍርድ ቤትና ባንክ የሚቀበሉት ማስረጃ ወደ ማዘጋጀት እንዳደገ፣ ተፈላጊው ማን ነው የሚለው ጥያቄም ከወታደር ወደ ሲቪል፣ ከሲቪልም በገዛ መንግሥቱ ወደ ተሳደደው ሰው እንደ ሰፋ ይታያል (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው)።

ከባዝል እስከ ጄኔቫ

የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ አፈላላጊ ጽሕፈት ቤት የተከፈተው በ1870 ፈረንሳይና ፕሩሲያ በተዋጉበት ወቅት ሲሆን፣ የከፈተውም መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው ዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ለሁለቱም ተዋጊዎች ድንበር ቅርብ በሆነችው የስዊዘርላንድ ከተማ በባዝል ተቋቁሞ፣ የቆሰሉና የተማረኩ ወታደሮችን ስም ዝርዝር ከአንዱ ወገን ተቀብሎ ለሌላው ያስተላልፍ፣ ደብዳቤያቸውንም ያሻግር ነበር። በ1877 ሩሲያና ቱርክ ሲዋጉ በትሪየስቴ፣ በ1912 የባልካን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ በቤልግሬድ ተመሳሳይ ጽሕፈት ቤቶች ተከፍተዋል፤ ሦስቱም ግን ለተወሰነ ጦርነት ብቻ የቆሙ ስለነበሩ ጦርነቱ ሲያበቃ ሥራቸውም አብሮ አብቅቷል።

የመንግሥታት ግዴታ በሕግ የሰፈረው በ1899 በሄግ በጸደቀውና በ1907 በተሻሻለው የየብስ ጦርነት ደንብ ነው። ደንቡ እያንዳንዱ ተዋጊ መንግሥት ስለ ጦር ምርኮኞች ለሚቀርብ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የመረጃ ቢሮ እንዲያቋቁም ያዛል። ከዚህም ጋር ቢሮው በጦር ሜዳ የተገኙትን ወይም በሕክምና ላይ ሳሉ የሞቱ ምርኮኞች የተዋቸውን የግል ዕቃዎች፣ ገንዘብና ደብዳቤዎች ሰብስቦ ለባለመብቶቹ እንዲልክ፣ የምርኮኛ ኑዛዜም ለአገሬው ወታደር በተሠራው ሥርዓት እንዲቀበል ተደንግጓል። የውርስ ጉዳይ ከፍለጋው ጋር በሕግ የተሳሰረው እንግዲህ ከመነሻው ነው።

ደንቡ በትልቅ ደረጃ የተፈተነው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በነሐሴ 1914 ኮሚቴው በፕሬዚዳንቱ በጉስታቭ አዶር መሪነት ዓለም አቀፍ የጦር ምርኮኞች ጽሕፈት ቤትን በጄኔቫ አቋቋመ፤ የደብዳቤው ብዛት የነበረበትን ክፍል ስላጨናነቀውም ሥራው በዚያው ዓመት ወደ ራት ሙዚየም ተዛወረ። በሙዚየሙ አዳራሾች ውስጥ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ከ1,000 በላይ በጎ ፈቃደኞች ይሠሩ የነበረ ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ደራሲ ሮሜን ሮላንም ከእነርሱ አንዱ ነበር።

የአሠራሩ መሠረት ካርድ ነው። አንዲት እናት ልጇ የት እንደ ደረሰ ጠይቃ ስትጽፍ የተፈላጊው ስም፣ ማዕረግና ክፍለ ጦር በአንድ የጥያቄ ካርድ ላይ ይሰፍራል፤ ምርኮኞችን ከያዘው መንግሥት የሚደርሰው የስም ዝርዝርም ለየሰዉ እየተነጠለ በመረጃ ካርድ ላይ ይገለበጣል። ሁለቱ ዓይነት ካርዶች በአንድ ሣጥን ውስጥ በፊደል ተራ ስለሚደረደሩ፣ የአንድ ሰው የጥያቄ ካርድና የመረጃ ካርድ ጎን ለጎን የሚወድቁበት ጊዜ ይመጣል፤ ይህ መገጣጠም በጽሕፈት ቤቱ ቋንቋ ስምምነት ይባል ነበር፤ ለቤተሰቡ መልስ የሚጻፈውም ያን ጊዜ ነው። በዝርዝር ውስጥ ስማቸው ያልተገኘ ወታደሮች ሲኖሩ ደግሞ በየምርኮኛ ካምፑ ያሉ የክፍለ ጦር ጓደኞቻቸው እየተጠየቁ፣ ተፈላጊው ሲወድቅ ወይም ሲቀበር ያየ ሰው ካለ ቃሉ ተመዝግቦ ይላክ ነበር። እንዲህ ያለው የምስክር ቃል የሰውየውን ሞት በሕግ ለማስወሰን ለሚጠይቅ ወራሽ ከማጽናኛነት በላይ ዋጋ ነበረው።

የሲቪሎች ጉዳይ ግን ከሄግ ደንብ ውጭ ነበር። ጦርነቱ ሲጀመር በጠላት አገር ተይዘው የቀሩ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና ቤተሰቦች፣ እንዲሁም ጠላት በያዘው ግዛት የታገቱ ነዋሪዎች የሚጠይቅላቸው አልነበረም። ሐኪሙ ፍሬደሪክ ፌሪየር ይህን ክፍተት አይቶ የሲቪል ክፍል በራሱ ተነሣሽነት ከፈተ፤ የሕግ ድጋፍ ሳይኖረው የተጀመረው ይህ ክፍል በኋላ ለመጡት የሲቪል ፍለጋዎች ሁሉ አርአያ ሆኗል። በ1917 የኖቤል የሰላም ሽልማት ለኮሚቴው ሲሰጥ፣ በጦርነቱ ዓመታት የተሰጠ ብቸኛው የሰላም ሽልማት ነበር። የጽሕፈት ቤቱ መዝገብም በ2007 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነትና የፍለጋው ወሰን

በ1929 የተፈረመው የጦር ምርኮኞች ስምምነት በገለልተኛ አገር አንድ ማዕከላዊ የመረጃ ጽሕፈት ቤት እንዲኖር ስለ ደነገገ፣ በመስከረም 1939 ጦርነት ሲፈነዳ የጄኔቫው ጽሕፈት ቤት በአዲስ ስም ወዲያው ተከፈተ። የካርዱ ብዛት በእጅ ከመለየት አቅም በላይ በመሆኑ፣ በካርድ ላይ የተበሱ ቀዳዳዎችን እያነበበ የሚለየው የሆለሪት ማሽን ሥራ ላይ ዋለ። ፖስታ በተቋረጠባቸው አገሮች ለተለያዩ ሲቪሎችም ከ25 ቃላት የማይበልጥ፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት የመልእክት ቅጽ ተዘጋጀ። ቅጹ ክፍት ሆኖ በሳንሱር እያለፈ ለተቀባዩ ይደርስና፣ መልሱም በዚያው ወረቀት ጀርባ ተጽፎ ይመለስ ነበር። ዛሬ የቀይ መስቀል መልእክት የሚባለው አገልግሎት የዚህ ቅጽ ዝርያ ነው።

የሥርዓቱ ጉድለትም በዚያው ጦርነት ታየ። ሶቪየት ኅብረት የ1929ኙ ስምምነት አባል ስላልነበረች በምሥራቁ ግንባር የስም ዝርዝር መለዋወጥ አልተቻለም፤ በመሆኑም በዚያ ግንባር ከጠፉት የሁለቱም ወገን ወታደሮች እጅግ ብዙዎቹ መጨረሻቸው ለቤተሰቦቻቸው ሳይታወቅ ለዓመታት ቆይቷል። ከዚህም የከፋው ከየቤታቸው ተወስደው ወደ ማጎሪያና ማጥፊያ ካምፖች የተጋዙት አይሁድና ሌሎች ተሳዳጆች ጉዳይ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች በስምምነቱ ውስጥ ስፍራ ስላልነበራቸው ናዚ ጀርመን ስለ እነርሱ መረጃ እንድትሰጥ የሚያስገድድ አንቀጽ አልነበረም፣ ኮሚቴውም በይፋ ድምፁን አላሰማም። የሕግ አንቀጽ በሌለበት ካርድ አይኖርም፤ ካርድ በሌለበትም ከጦርነቱ በኋላ የሚመጣው ወራሽ የሚጠቅሰው ሰነድ አያገኝም።

አሮልዘንና የሞት ማረጋገጫ

ይህን ባዶ ለመሙላት ተባባሪዎቹ መንግሥታት ጦርነቱ ሳያበቃ የራሳቸውን የፍለጋ ሥራ ጀምረው ነበር፤ በ1946 መጀመሪያም ሥራው አራቱ የወረራ ቀጠናዎች በሚገናኙበት አካባቢ፣ ከቦምብ ድብደባ በተረፈችው ትንሽ የጀርመን ከተማ በአሮልዘን ተሰበሰበ። በ1948 ዓለም አቀፍ የአፈላላጊ አገልግሎት የሚል ስም የተሰጠው ይህ ተቋም ከየካምፑ የተማረኩ መዝገቦችን፣ የግዳጅ ሠራተኞችን ካርድና ከጦርነቱ በኋላ የተመዘገቡ ስደተኞችን ፋይል ሲያከማች ቆይቶ፣ ከ1955 ጀምሮ በበርካታ መንግሥታት ኮሚሽን የበላይነት ሥር በዓለም አቀፍ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ይመራ ጀመር። ማከማቻው በድምሩ ወደ 30 ሚሊዮን የሚሆን ሰነድ ይዟል፤ በውስጡም ወደ 17.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ስም ይገኛል።

የአሮልዘን ማውጫ አንዱ ብልሃት የስም አደራደሩ ነው። አንድ ፖላንዳዊ ስም በጀርመን ጸሐፊ፣ በሩሲያ ጸሐፊና በአሜሪካ ወታደር እጅ ሲጻፍ ሦስት መልክ ስለሚይዝ፣ ካርዶቹ በሆሄ ተራ ብቻ ቢደረደሩ የአንድ ሰው ሦስት ካርዶች በሦስት ሣጥን ተበትነው ይቀራሉ። ስለዚህ ማውጫው ስሞችን በድምፃቸው እያሰባሰበ እንዲደረደር ተደረገ። ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ፍለጋም ይህን ችግር የሚያውቅ ነው፦ የቤተሰብ ስም በሌለበትና ስም በአባትና በአያት በሚቆጠርበት አገር፣ አንድ ስምም በላቲን ፊደል በብዙ ዓይነት በሚጻፍበት ሁኔታ፣ የአፈላላጊው ቅጽ የአያትን ስም፣ የእናትን ስም፣ የትውልድ ቀበሌንና የቤት መጠሪያን ካላካተተ ተፈላጊውን ከሞክሼዎቹ ለመለየት አይቻልም።

መረጃን ወደ ሕጋዊ ማስረጃ የለወጠው ግን በ1949 በዚያው በአሮልዘን የተከፈተው ልዩ የክብር መዝገብ ጽሕፈት ቤት ነው። የክብር መዝገብ የሚባለው ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት የመንግሥት መዝገብ ሲሆን፣ የልዩው ጽሕፈት ቤት ተግባር በማጎሪያ ካምፖች ለሞቱ ሰዎች የሞት ምስክር ወረቀት መስጠት ብቻ ነበር። የካምፕ መዝገብ ላይ የተገኘ አንድ መስመር በዚህ ጽሕፈት ቤት በኩል ሲያልፍ፣ በሩቅ አገር ያለ ወራሽ ለፍርድ ቤት ወይም ለባንክ የሚያቀርበው ሰነድ ይሆናል። መስመሩም ላልተገኘላቸው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1950 የጠፉ ሰዎችን ሞት ስለ ማወጅ የሚደነግግ ስምምነት አጸደቀ፤ ስምምነቱ ከ1939 እስከ 1945 በጦርነት ወይም በስደት ምክንያት በጠፉ ሰዎች ላይ አንዱ አገር የሚሰጠው የሞት ውሳኔ በሌሎቹ አባል አገሮች እንዲታወቅ ያደርግ ነበር። ጥቂት መንግሥታት ብቻ የተቀበሉት ይህ ስምምነት ከ1952 እስከ 1972 ጸንቶ ቆይቷል።

በጀርመን ውስጥም የቀይ መስቀል ማኅበሩ ከ1945 ጀምሮ የራሱን የፍለጋ አገልግሎት በማቋቋም ከወላጆቻቸው የተለያዩ ሕፃናትን ፎቶ በየአደባባዩ እየለጠፈ፣ የጠፉ ወታደሮችንም ፎቶግራፍ ከ200 በላይ በሆኑ ጥራዞች አሳትሞ ከምርኮ ለተመለሱ ሰዎች እያሳየ ያፈላልግ ነበር። ስሙንና የትውልድ ስፍራውን የማያውቅ ሕፃን ማንነት በጠባሳው፣ በዓይኑ ቀለምና በተገኘበት ባቡር ጣቢያ ይታወቅ የነበረበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወራሽ ያጣ ንብረትና የግል ወራሽ ፈላጊዎች

ሁሉም ቤተሰብ አባላቱን መልሶ አላገኘም፤ ጨርሶ የጠፋ ቤተሰብም ነበር። በመደበኛው ሕግ ወራሽ የሌለው ንብረት ለመንግሥት ገቢ የሚሆን በመሆኑ፣ ባለቤቱን የገደለው መንግሥት ተተኪ ንብረቱን ይውረስ ማለት ሆነ። ይህን ለማስቀረት በአሜሪካ ቀጠና በ1947 የወጣው የንብረት ማስመለሻ ሕግ ተተኪ ድርጅት የሚባል ሐሳብ አስገባ፤ በ1948ም የአይሁድ ንብረት ማስመለሻ ተተኪ ድርጅት ተቋቁሞ ጠያቂ ያልመጣለትን ንብረት እየጠየቀ ገቢውን ከጥፋቱ ለተረፉ ሰዎች መርጃ አደረገ። በወራሽነት ሕግ ታሪክ ውስጥ አንድ ድርጅት የአንድ ሕዝብ የጋራ ወራሽ ሆኖ የቆመበት ይህ አሠራር አዲስ ነበር።

የስዊዘርላንድ ባንኮች ጉዳይ የማስረጃን ክብደት በሌላ መልክ ያሳያል። ከጦርነቱ በፊት ገንዘባቸውን በስዊዘርላንድ ያስቀመጡ ብዙ ሰዎች በናዚ እጅ ሲሞቱ፣ ወራሾቻቸው ወደ ባንኩ ሲቀርቡ የሞት ምስክር ወረቀት ይጠየቁ ነበር፤ የኦሽዊትዝ ማጥፊያ ካምፕ ግን በጋዝ ለገደላቸው ሰዎች የሞት ወረቀት አልሰጠም። በ1996 በቀድሞው የአሜሪካ ብሔራዊ ባንክ ኃላፊ በፖል ቮልከር ሊቀመንበርነት የተቋቋመው ኮሚቴ የባንኮቹን ሒሳብ መርምሮ በ1999 መጨረሻ ባቀረበው ሪፖርት ከናዚ ሰለባዎች ጋር ሊያያዙ የሚችሉ ወደ 54,000 የሚጠጉ ሒሳቦችን አመለከተ። ባንኮቹም በ1998 በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት በተያዘው ክስ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ፤ በ2001 ወደ 21,000 የሚደርሱ የሒሳብ ባለቤቶች ስም በይፋ ታትሞ ወራሾች እንዲቀርቡ ተጠሩ። ያን ጊዜ የማስረጃው መለኪያም ተለሳልሶ፣ ከምስክር ወረቀት ፈንታ የቤተሰብ ታሪክና የአሮልዘን ዓይነት መዝገብ ተቀባይነት አገኘ።

ከእነዚህ ሕዝባዊ ተቋማት ጎን ለጎን በፈረንሳይ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የታወቀው፣ በጀርመንና በእንግሊዝም የሚሠራበት የወራሽ ፈላጊ ሙያ አለ። ልዩነቱ መነሻው ላይ ነው፦ የቀይ መስቀል አፈላላጊ ከሰው ተነሥቶ ሰው ሲፈልግ፣ የግል ወራሽ ፈላጊው ከንብረት ተነሥቶ ባለቤት ይፈልጋል። የመጀመሪያው ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ሁለተኛው ግን ወራሹን ካገኘ በኋላ ውርሱ የማንና የት እንደሆነ ከመግለጹ በፊት ከውርሱ የተወሰነ መቶኛ ለመውሰድ ውል ያስፈርማል። መዝገቦቹ ግን የጋራ ናቸው፤ ጦርነት የበጠሰውን የትውልድ ሐረግ የሚቀጥል የግል ፈላጊም መጨረሻ ላይ ወደ እነዚያው የካምፕና የስደተኛ ካርዶች ይመለሳል።

ከ1949 ወዲህ ያለው ሕግ

አራቱ የጄኔቫ ስምምነቶች የጦርነቱን ትምህርት በዝርዝር አንቀጾች አስቀመጡት። በመጀመሪያው ስምምነት መሠረት የሟች ወታደር የማንነት መለያ ከሁለት የሚከፈል ሰሌዳ ከሆነ ግማሹ ከአስከሬኑ ጋር ይቀራል፣ ሌላው ግማሽ ከኑዛዜው፣ ከገንዘቡና ለቤተሰቡ ከሚጠቅሙ ወረቀቶች ጋር ይላካል። ሦስተኛው ስምምነት በምርኮ ላይ የሞተ ሰው ማንነት፣ የሞተበት ቀንና ቦታ፣ የሞቱ ምክንያትና የመቃብሩ ስፍራ በሰነድ እንዲመዘገብ፣ የኑዛዜውም የተረጋገጠ ግልባጭ ለማዕከላዊው ጽሕፈት ቤት እንዲደርስ ያዛል። አራተኛው ስምምነት በ26ኛው አንቀጹ ሲቪሎች የተለዩአቸውን ቤተሰቦች የሚያፈላልጉበትን ጥረት መንግሥታት እንዲያመቻቹ አስገደደ፤ በ1977 የወጣው የመጀመሪያው ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ ቤተሰብ የወገኑን መጨረሻ የማወቅ መብት እንዳለው በግልጽ አወጀ። በ1960 የጄኔቫው ጽሕፈት ቤት ማዕከላዊ የአፈላላጊ ድርጅት ተብሎ እስከ ዛሬ በቋሚነት ይሠራል።

መዝገብን የማየት መብትም ራሱን የቻለ ትግል ነበር። አሮልዘን ለአሥርተ ዓመታት ለጠያቂ ቤተሰብ በጽሑፍ መልስ ብቻ ይሰጥ እንጂ ለተመራማሪ በሩን ዘግቶ ስለ ነበር፣ ጥያቄዎች ተከማችተው መልስ ለዓመታት ይዘገይ ነበር። በመንግሥታቱ ስምምነት ማከማቻው በ2007 ተከፈተ፤ የኮሚቴው አመራር በ2012 አብቅቶ ተቋሙ ከ2019 ጀምሮ የአሮልዘን መዛግብት ተብሎ ይጠራል፣ ሰነዶቹም በኢንተርኔት እየወጡ ነው። በዚያ ከነበሩት ዕቃዎች መካከል ናዚዎች ከእስረኞች፣ በተለይም በኖየንጋሜ ካምፕ ከነበሩት፣ የወሰዷቸው የእጅ ሰዓቶች፣ የጋብቻ ቀለበቶች፣ የኪስ ቦርሳዎችና የቤተሰብ ፎቶዎች በየስማቸው በፖስታ ታሽገው ተቀምጠዋል። ከ2016 ወዲህ ተቋሙ የቤተሰብን ጥያቄ መጠበቁን ትቶ በየአገሩ ባሉ በጎ ፈቃደኞች አማካይነት ራሱ ወራሾችን እየፈለገ ያስረክባል።

የኢትዮጵያ ድርሻ

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የተመሠረተው በ1935፣ የጣሊያን ወረራ ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። አገሪቱ አራቱን የጄኔቫ ስምምነቶች በ1969፣ ሁለቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች በ1994 ተቀብላለች። በኦጋዴን ጦርነት የተያዙ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ምርኮኞች በዓለም አቀፉ ኮሚቴ አማካይነት ወደየአገራቸው የተመለሱት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው በ1988 ነው። ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ስልክና ፖስታ ተቋርጦ፣ የቀይ መስቀል መልእክት በሁለቱ አገሮች ለተለያዩ ቤተሰቦች ዋነኛ መገናኛ ሆኖ አገልግሏል፤ ስልኩ የተከፈተው በሐምሌ 2018 ነው። በ2020 በትግራይ ጦርነት ሲጀመርና መገናኛ ሲዘጋም ወሬ በማድረስ ቀይ መስቀል እንደገና ተፈላጊ ሆነ።

የአገሪቱ ሕግ ለዚህ ጉዳይ በር አለው። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ154ኛው አንቀጽ፣ አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ሙሉ ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት መጥፋቱን እንዲያስታውቅ ለመጠየቅ ይፈቅዳል፤ በ996ኛው አንቀጽም ወራሽ ከፍርድ ቤት የወራሽነት የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት ሥርዓት ተዘርግቷል። ነገር ግን ዳኛው ለውሳኔው የሚያስፈልገው ማስረጃ ከአፈላላጊው መዝገብ ካልመጣ ከጎረቤትና ከእድር ምስክር ይመጣል፤ መንደሩ በሙሉ በተሰደደበት ጊዜ ደግሞ ምስክሩም አብሮ ይሰደዳል። ወራሾቹ በሱዳን፣ በዓረብ አገሮችና በአሜሪካ ተበትነው ሲኖሩ ችግሩ እጥፍ ይሆናል።

የአንድ ክፍለ ዘመን ተኩል ልምድ የሚያስተምረው እንግዲህ ይህን ነው፦ ፍለጋ ከጦርነቱ በኋላ የሚጀመር ከሆነ ዘግይቷል። በ1914 ጄኔቫ መልስ ለመስጠት የቻለው ተዋጊዎቹ በጦርነቱ መካከል ዝርዝር ስለ ላኩ ነው፤ የምሥራቁ ግንባር ቤተሰቦች ለዓመታት የጠበቁትና የኦሽዊትዝ ወራሾች በባንክ መስኮት ላይ የተመለሱት ዝርዝሩ ስላልነበረ ነው። ስለዚህ የተማረከውን፣ የሞተውንና የተሰደደውን በዕለቱ በሙሉ ስሙ የሚመዘግብ፣ መዝገቡንም ለቤተሰብ የሚከፍት ሥርዓት የመንግሥታት ግዴታ መሆን አለበት፤ ቤተሰቦችም የልደት፣ የጋብቻና የርስት ወረቀታቸውን ግልባጭ ከአንድ ቦታ በላይ ማስቀመጥና የጠፋባቸውን ሰው ሳይዘገዩ በአቅራቢያቸው ባለው የቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ማስመዝገብ ይገባቸዋል።